በቃጫ ገመድ የተለካው ውሃ

በትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ይቅርብኝ» ነው የሚሏት። ሲያገኟት ግን «ፕሮፌሰር» ይሏታል፤ ሰው መቼም ፊት ለፊት ጨዋ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችላት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ናት። ወንበር ሲለቁላት «ይቅርብኝ፣ ቆሜ ይሻለኛል»፤ በስብሰባ ሻይ ሲዞር «ይቅርብኝ»፤ ለውጭ ሥልጠና ስሟ ሲነሳ «እኔ ይቅርብኝ፣ ለልጆቹ ስጡ»። ጸሐፊዋ አንድ ቀን «ይህች ሴትዮ ሞት ቢመጣባት እንኳ ይቅርብኝ ብላ ትመልሰዋለች» አለችና ስሙ በዚያው ጸና።

እንዲያው ትሕትና ብቻ አይምሰላችሁ። አባቷ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ግቢ የሚገቡት በጓሮ በር ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ሕግ አንድ ነበር፦ ሰው ቤት «ቅረቡ» ስትባሉ የመጀመሪያው ጥሪ ለወጉ ነው፤ የእውነቱ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ብድግ ያለ ልጅ ቤቱ ሲመለስ ቁንጥጫውን ይቀምሳል። ይህች ልጅ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሦስት ዲግሪ ደራረበች፣ የከርሰ ምድር ውሃ ፕሮፌሰር ሆነች። ሕጉ ግን ከነቁንጥጫው አብሯት አለ።

ታዲያ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ መጣላት። ሦስት አገሮች ተባብረው የከርሰ ምድር ውሃ ለምን እንደሚሸሽ ሊያጠኑ ነው። የቡድኑ መሪ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሽበታም ሴት፣ «የአርባ አንዱን ጉድጓድ ጥናትዎን አንብበናል። እዚያ ያለውን ሥራ እርስዎ ቢመሩልን ደስ ይለናል» ብላ ጻፈች።

ፕሮፌሰሯ ደብዳቤውን አንብባ ቢሮዋን ከውስጥ ቆለፈችና ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ቁጭ ብላ መልሱን ጻፈች። «ለዚህ ክብር የምበቃ አይደለሁም፤ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ አሉ።»

ከዚያ ሁለተኛውን ጥሪ መጠበቅ ያዘች።

በማግስቱ መልስ መጣ። «ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን። እንግዲያው ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ሌላው ሰው ሩቅ አልነበረም። ግድግዳ ነው የሚለያቸው። «አምባሳደሩ» ይሉታል። አምባሳደር የነበሩት አባቱ ናቸው፤ እሱ የመምህራን ክበብን እንኳ ወክሎ አያውቅም። በአራት ዋና ከተሞች ነው ያደገው፤ ገና ቁመቱ ከጠረጴዛ ሳይበልጥ ከሚኒስትር ጎን እየተቀመጠ ስለ አየር ጠባይ ሲጨዋወት የኖረ ልጅ ነው። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ሽበታሟን ሴት አንድ ጉባኤ ላይ እራት አብረው በልተው ያውቃታል። ሥራውን ትመራለህ ወይ ብላ ስትጽፍለት «በደስታ!» ብሎ የመለሰው በሰባት ደቂቃ ነው። ከዚያ ግድግዳውን ዞሮ መጣና «እህቴ፣ ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሳታውቅ ነው እሺ ያልከው?»

«እሺ ካልሽ በኋላ እኮ ነው እንዴት እንደምትሠሪው የምታስቢው! አባቴ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው።»

የእሷ አባት የሚሉትን አልነገረችውም።

ሥራው አርባ አንድ ጉድጓድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በየሁለት ሳምንቱ የተጻፈ የውሃ ጥልቀት ነበር። ይህን የያዙት ደብተሮች በእሷ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አምባሳደሩ ቁጥሮቹን ለመናት፤ ከጥናቱ መጨረሻ ላይ «እናመሰግናለን» በሚለው ሥር ስሟን እንደሚያስገባላት ቃል ገባ።

«እኔ እንኳ... ካልከበደ... ስሜ ከአጥኚዎቹ ጋር ቢሆን» አለች። ይህንን ለማለት ሦስት ቀን ተለማምዳለች።

«ታዲያ ምን ችግር አለው! ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት በስክሪን ስብሰባ አለን። የትኛው ዓመት ይግባ፣ የማን ስም ይግባ የሚለው የሚቆረጠው ያን ዕለት ነው። ጎኔ ትቀመጪያለሽ።»

እሺ ብላ ቁጥሮቹን ሰጠችው። ቤቷ ስትገባ ግን የታተመውን ጥናቷን አውጥታ ገለጠች። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው ይባል የለ? የእሷ ጉድ ያለው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ላይ ነው።

ያኔ ጀማሪ መምህር ነበረች። ትምህርት ክፍሉ የነበረው አንድ የጥልቀት መለኪያ ነው፤ እሱም ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። ግምጃ ቤት ኃላፊው መለኪያውን የሚያወጣው ስልክ ለተደወለለት ሰው ነው። ለአምባሳደሩ ችግር አልነበረም፤ የራሱን ከውጭ በሻንጣው ይዞ መጥቷል። ለእሷ የሚደውል ዘመድ ስለሌለ ወረፋ ያዘች። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ጠበቀች። አባቷ ታዘቡና «አንቺ ወረፋ ትጠብቂያለሽ፣ ውሃው ግን አይጠብቅሽም» አሉ። በየክንዱ የተቋጠረ የቃጫ ገመዳቸውን ብስክሌታቸው ላይ ጭነው ከጉድጓድ ጉድጓድ መዞር ጀመሩ። እሷ ከሰኞ እስከ ዓርብ ታስተምራለች፤ እሳቸው ይለካሉ፤ ማታ ማታ ቁጥሩን ያስጽፏታል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ሞላ። በአራተኛው ዓመት መለኪያው ደረሳት።

ጥናቱን ስታሳትም «ጥልቀቱ በሙሉ በመደበኛ መሣሪያ ተለክቷል» ብላ ጻፈች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አባቴ በገመድ ለካልኝ ብላ እንዳትጽፍ ሐፍረት አፏን ያዛት። አባቷንም «አባባ፣ እባክህ የገመዱን ነገር ሰው ፊት እንዳታነሳው» ብላ አስማለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ከማሉ ማሉ ናቸው።

ማክሰኞ ደረሰ። አምባሳደሩ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶውን ነስንሶ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ለእሷም ወንበር አስጠግቶላት ነበር፤ እሷ ግን ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ገፋ ስታደርገው ጭራሽ ከካሜራው ወጣች። ስክሪኑ ላይ ስድስት ፊት አለ። ሰላምታው፣ ሳቁ፣ የአየር ጠባይ ወሬው አለቀና ሽበታሟ ሴት መነጽሯን አጠለቀች።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለች። «ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ዓመት ስንሻገር በአርባ አንዱም ጉድጓድ ውሃው ድንገት ወደ ላይ ወጥቷል። ዝናብ ባልነበረበት ዓመት! ሃያ ሜትር በሚጠልቀው ጉድጓድ ስድሳ ሳንቲ፣ አሥር ሜትር በሚጠልቀው ሠላሳ ሳንቲ። ምን ሆኖ ነው?»

ፕሮፌሰሯ ወንበሯን ሌላ ስንዝር ወደ ኋላ ገፋች።

አምባሳደሩ አልተደናገጠም፤ እሱ እንዳይደነግጥ ተደርጎ ነው ያደገው። «የመሣሪያ ብልሽት ሊሆን ይችላል» አለ ፈገግ ብሎ። «ሦስቱን ዓመት እንጣላቸውና በዘጠኙ እንሥራ።»

ከስድስቱ ፊቶች አንዱ፣ ጢሙን ያጎፈረ ወጣት፣ ራሱን ነቀነቀ። «የእኛ ስሌት ቢያንስ አሥር ዓመት ይፈልጋል። ሦስቱ ከተጣሉ ይህ ቦታ ይቀራል፤ ሌላ አገር እንመርጣለን።»

አምባሳደሩ ድምፁን ዘጋና ስክሪኑ ላይ ፈገግታው ሳይጠፋ በጥርሶቹ መሃል «ምንድን ነው ነገሩ? ታውቂያለሽ አይደል?» አላት።

እሷ ጭኗ ላይ ያለውን ደብተር ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«እህቴ፣ እየጠበቁን ነው እኮ። ብልሽት ነው ልበል? አንድ ነገር በይኝ።»

ዝም ብትል ሥራው ይሄዳል። ብልሽት ነው ብትል አባቷ ሦስት ዓመት በፀሐይ የደከሙበት ሥራ ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ «መደበኛ መሣሪያ» ብላ የጻፈችው በፊርማዋ ነው፤ ዋሾ ተብላ ከወንበሯም ልትነሳ ትችላለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማታል። ጸሐፊዋ በሩ ሥር ጆሮዋን ጥላ ነበርና «ትንፋሿ እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር» ትላለች። ጸሐፊዋ መቼም ማጋነን ትወዳለች፤ ይህን ግን እመኑላት።

ፕሮፌሰሯ ወንበሯን ጎትታ ካሜራው ውስጥ ገባች። ድምፁን ራሷ ከፈተችው።

«ብልሽት አይደለም» አለች። «ሦስቱን ዓመት በመሣሪያ አልለካንም። አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። እሱ ነው በገመድ የለካልኝ። በመሣሪያ ነው ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው።»

ስድስቱም ፊቶች የተነሱ ፎቶግራፍ መሰሉ። አምባሳደሩ የሸሚዙን አንገት አላላ።

ሽበታሟ ሴት መነጽሯን አስተካክላ «ምን ዓይነት ገመድ?» አለች።

«ቃጫ።»

«ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያጥራል። ሲለካ ደረቅ ነበር እርጥብ?»

«እኔ... አላውቅም። ብቻውን ነበር የሚሄደው።»

«አንዳንዴ ደረቅ፣ አንዳንዴ እርጥብ ከነበረ ቁጥሮቹ ምንም አያደርጉልንም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከነበረ ግን ይታረማሉ። አባትዎ በሕይወት አሉ?»

«አለ። ልደውልለት።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ለቀቀችው። አምባሳደሩ ለማዶዎቹ ሊተረጉም ተጠጋ።

«አቤት ልጄ! ምነው በሥራ ሰዓት? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባባ። ሰዎች እየሰሙን ነው። ጉድጓዶቹን ስትለካ ገመዱ ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ?»

ከወዲያ በኩል ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የምን ገመድ?»

«አባባ...»

«እኔ ቤት ገመድ የሚባል ነገር የለም። ልብስ እንኳ የማሰጣው አጥር ላይ ነው። ልጄ ውሃውን የለካችው በመሣሪያ ነው፣ በሚያብለጨልጭ መሣሪያ! እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ምኑንም አላውቅ። ደህና ዋሉ!» ስልኩ ተዘጋ።

አምባሳደሩ አጥሩን ሳይቀር ተረጎመው። ጢማሙ ወጣት ብዕሩን አስቀመጠ። ይኸው እንግዲህ፦ ልጅ አባቴ ለካ ትላለች፣ አባት አልለካሁም ይላል፤ ማን ይታመን?

ደግማ ደወለች። አያነሱም። ሦስተኛ ደወለች።

«ሥራ ላይ ነኝ» አሉ።

«አባባ፣ ነግሬያቸዋለሁ። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፣ በገመድ ለካልኝ ብዬ።»

«ማን ጠይቆሽ?»

«ማንም።»

ሽማግሌው አሁን ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር፤ እጃቸው ላይ አካፋ የያዙ ይመስላል። «ደረቅ ቃጫ ይዞ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚቆም ቆፋሪ የለም። እጅ ይልጣል። ገመድ ማታ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ያድራል፣ ጠዋት ጠጥቶ ይወጣል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሠላሳ ዓመት። አንድ ቀን አልዘለልኩም፤ የሠርግሽ ማግስት እንኳ።»

«ቋጠሮዎቹንስ የቋጠርካቸው መቼ ነው?»

«ደረቅ ሳለ ነዋ! እርጥቡ ላይ የቋጠርሽው ሲደርቅ ይላላል። ይሄንንም እዚያ አያስተምሯችሁም?»

«ገመዱ አሁን አለ?»

«ከአልጋዬ ሥር።»

«ቅድም የለም አልክ እኮ!»

«ቅድም መናገርሽን አልነገርሽኝም ነበራ!»

አምባሳደሩ ሲተረጉም ሽበታሟ ሴት አንዴ ብቻ አፏን በእጇ ሸፈነች። ወዲያው ግን ፊቷ ጠነከረ። «ቃል ብቻ አይበቃም። ገመዱን ሃያ ሜትር ድረስ ደረቁን ለኩት፤ ከዚያ አሳድራችሁ እርጥቡን ለኩት። የእኛ ስሌት አሥራ ዘጠኝ ሜትር ከአርባ ሁለት ሳንቲ ያህል ይመጣል ይላል። ከመጣ ሦስቱ ዓመት ይገባሉ። ካልመጣ ይህ ቦታ ቀረ። ሁለተኛ ነገር፣ የገመዱ ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ ያሳተሙት ውሸት በፊርማዎ በይፋ ይታረም። ለዚያ የሚመጣብዎትን እኔ ላስቀርልዎ አልችልም።»

ሐሙስ ጠዋት በሽማግሌው ግቢ ሦስት ሰው ቆሟል። አምባሳደሩ የሚያብረቀርቅ ጫማውን ጭቃ ላይ ተክሎ የብረት ሜትሩን ጫፍ ይዟል። ደረቁን በዋዜማው ለክተው ሃያ ሜትሩ ላይ ቀይ ክር አስረውበታል። አሁን ገመዱ ከበርሜሉ እያንጠባጠበ ወጣ።

«ዘርጋው! አትጎትተው፣ የሰው አንገት አይደለም» አሉ ሽማግሌው።

«ይቅርታ አባት።»

«ጎንበስ በል እንጂ! ወገብህ ለሰላምታ ብቻ ነው የሚታጠፈው?»

አምባሳደሩ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ፕሮፌሰሯ ሜትሩን ይዛ ወደ ቀዩ ክር ተራመደች። አሥራ ስምንት አለፈ። አሥራ ዘጠኝ አለፈ። ጎንበስ ብላ አየች፤ ዓይኗን አላመነችም፤ ሜትሩን ለቃ ከመጀመሪያው ጀመረች።

«አንቺ፣ ምን ሆንሽ? ንገሪና!» አሉ አባቷ።

«አሥራ ዘጠኝ ከአርባ አንድ» አለች።

አምባሳደሩ ከጭቃው ሳይነሳ ሳቁን ለቀቀው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «አንድ ሳንቲ የት ሄደች?» አሉ።

የማስተካከያ ደብዳቤው የተጻፈው እዚያው ግቢ፣ በርጩማ ላይ ነው። አብሮት የሚሞላው ቅጽ «የለካው ሰው ስምና ሙያ» ይላል። ስማቸውን ስትሞላ ሽማግሌው እጇን ያዙ።

«የእኔን ተይው። በእኔ የተነሳ ሰዎቹ ቢያባርሩሽስ?»

«የሚያባርሩኝ በጻፍኩት ውሸት ነው አባባ፣ በአንተ አይደለም።»

እጇን ለቀቁ። ሙያ በሚለው ላይ «ጉድጓድ ቆፋሪ» ብላ ጻፈች። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ጉድጓድ ቆፋሪ።»

«ዋና በይበት። ዋና ጉድጓድ ቆፋሪ። ከሥሬ ሦስት ሰው ነበር።»

«ዋና» ጨመረችበትና ለማዶዎቹም ለዲኑም ላከችው። ከዚያ ስልኳን እያየች ተቀመጠች። እስከ ቀኑ መጨረሻ ዲኑ አልደወሉም፤ የደወሉት ዓርብ ጠዋት ነው፣ «ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ፣ ነይ» ብለው ብቻ።

ጉዳዩ የተመራለት ኮሚቴ አምስት ሳምንት ፈጀ። አምስቱንም ሳምንት ኮሪደሩ በሹክሹክታ ታመሰ። «የቆፋሪ ልጅ መሆኗን አታውቁም ነበር?» የሚለው «ውሸት ጻፈች» ከሚለው ይበልጥ ነበር፤ ሰው የሚጣፍጠውን ያውቃል። አምባሳደሩ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ «እኔ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ገመዱን ይዣለሁ» ብሎ መሰከረላት። እሷ ወረፋ ስትጠብቅ እሱ በሻንጣው መለኪያ ይዞ መምጣቱንም ያነሳው እሱ ራሱ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። በስተመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ የደረጃ ዕድገቷም ለሁለት ዓመት ታገደ። ወንበሯ ግን አልተነካም።

ከባሕር ማዶ የጥናቱ ሰነድ ከነአጥኚዎቹ ስም ዝርዝር በመጣ ቀን አትማ ወደ አባቷ ቤት ይዛው ሄደች። አሥራ ሁለቱም ዓመት ገብቷል። የገመዱ ማረሚያ ከነስሌቱ አንድ ሙሉ ገጽ ይዟል። ሽማግሌው ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት።

«ያንቺ ስም የቱ ጋ ነው?»

«ሁለተኛ።»

«አንደኛው ማነው?»

«ያ ገመድ የያዘው። መሪነቱ ቀድሞ የተሰጠው ለሱ ነው፤ ማስጠንቀቂያው እስኪያልፍ እንደዚያው ይቆያል።»

«ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። ተነስተው ቆባቸውን አጠለቁ፣ ብስክሌታቸውን ከግድግዳው አላቀቁ።

«ይህማ አይሆንም» አሉ። «ዛሬ ጉድጓድ ልምረጥለት፤ ነገ በጠዋት አምጪልኝ፣ ላውርደው።»